አክሊልና እንጀራ፦ የአልቲያ ጊብሰን የቴኒስ ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1950 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፣ በኒው ዮርክ ከተማ ፎረስት ሂልስ በተባለው ሰፈር፣ በዌስት ሳይድ ቴኒስ ክለብ የሣር ሜዳ ላይ፣ ሁለት ሴቶች መረብ በመካከላቸው ተዘርግቶ ፊት ለፊት ቆመው ነበር። አንደኛይቱ፣ ሉዊዝ ብራፍ የምትባለው፣ ዊምብልደን በሚባለው ታላቅ የእንግሊዝ ውድድር ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈች፣ ከዚያም በፊት የአገሯን ሻምፒዮና አክሊል የተቀዳጀች፣ በዘመኑ ከነበሩት ሴት ተጫዋቾች መካከል ስሟ ቀድሞ የሚጠራ ነበረች። ሁለተኛይቱ ግን ሃያ ሦስተኛ ዓመቷን ከደፈነች ገና አራት ቀን የሆናት፣ ቁመቷ አንድ ሜትር ከሰማንያ የሚደርስ፣ እጅና እግሯ የረዘመ ጥቁር ወጣት ስትሆን፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የቴኒስ ሻምፒዮና ከተመሠረተ ከስልሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በዚያ ውድድር ትጫወት ዘንድ የተፈቀደላት የመጀመሪያዋ የጥቁር ዘር ተወላጅ እርሷ ነበረች። ስሟ አልቲያ ጊብሰን ይባላል።

የቴኒስን ሥርዓት ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ለማስረዳት ያህል፣ የሴቶች ግጥሚያ በምዕራፍ የተከፈለ ሆኖ፣ ስድስት ጨዋታ ቀድማ ያሸነፈች አንዱን ምዕራፍ ትወስዳለች፤ ሁለት ምዕራፍ የወሰደች ደግሞ ግጥሚያውን ታሸንፋለች። በዚያን ዘመን ደንብ ሁለቱ ተፋላሚዎች በአንዱ ምዕራፍ ውስጥ እኩል ከመጡ፣ አንደኛዋ ሌላዋን በሁለት ጨዋታ እስክትበልጥ ድረስ ትግሉ ይቀጥላል እንጂ የሚያቋርጠው ነገር አልነበረም። አልቲያ የመጀመሪያውን ምዕራፍ 6 ለ 1 ተሸነፈች፤ የተመልካቹ ብዛትና የፎቶግራፍ አንሺዎቹ ግፊያ መንፈሷን ሳይበትነው አልቀረም። በሁለተኛው ምዕራፍ ግን ክንዷ ተፈታ፤ ከቁመቷ የተነሣ ከላይ ወደ ታች እየመታች የምትለጋው ኳስ ብርታቱን አገኘና 6 ለ 3 አሸነፈች። ሦስተኛው ምዕራፍ ረዘመ፤ አልቲያም 7 ለ 6 መራች። የዊምብልደንን ሻምፒዮን ለመጣል የቀራት አንዲት ጨዋታ ብቻ ነበረች።

በዚያች ሰዓት ሰማዩ ጠቆረ፤ ነጎድጓድ ተከተለ፤ ዝናቡም ከመውረዱ የተነሣ ሕዝቡ መጠለያ ፍለጋ ተበተነ። መብረቅም ከስታዲየሙ አናት ላይ ከቆሙት የድንጋይ ንስሮች አንዱን መትቶ ጣለው። ግጥሚያው ለማግሥቱ ተላለፈ፤ አልቲያም ሌሊቱን ሙሉ ያቺን የቀረችውን አንዲት ጨዋታ እያሰበች አደረች። በማግሥቱ ብራፍ ዐርፋና ተረጋግታ መጥታ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ወሰደችና 9 ለ 7 ጨረሰችው፤ ይህም ሁሉ የወሰደው ጊዜ ሩብ ሰዓት አይሞላም።

ስለዚህች ሴት የተጻፈው ጽሑፍ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በዘር አጥሩ ላይ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው፤ አጥሩ እውነተኛ አጥር ነበረና። እኔን ግን ታሪኳን ባነበብሁ ቍጥር ኅሊናዬን አጥብቆ የሚይዘው፣ የመጀመሪያውን አጥር ከዘለለች በኋላ ያጋጠማት፣ ብዙ ሰው የማያየው ሁለተኛው አጥር ነው፤ ይኸውም የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው በሻምፒዮንነቱ እንጀራ እንዳይበላ የሚከለክለው የዚያን ዘመን የቴኒስ ደንብ ነው። አልቲያ አክሊሉን አገኘች፤ ነገር ግን አክሊሉ ኪራይ አይከፍልም ነበር።

አልቲያ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1927 ዓ.ም. በደቡብ ካሮላይና ግዛት፣ ሲልቨር በተባለች የገጠር መንደር ነው። አባትና እናቷ በሰው መሬት ላይ ጥጥ የሚያመርቱ፣ ከምርቱም ለባለመሬቱ የሚያካፍሉ ጢሰኞች ነበሩ፤ ጥጡ ሲበላሽና ዋጋውም ሲወድቅ ኑሮው ስላልተቻላቸው፣ እንደ ብዙዎቹ የደቡብ ጥቁሮች፣ ወደ ሰሜን ወደ ኒው ዮርክ ተሰደዱና በሃርለም ሰፈር በ143ኛው መንገድ ላይ ተቀመጡ። ልጅቱ ለትምህርት ቤት ፍቅር አልነበራትም፤ ከክፍል እየጠፋች በሲኒማ ቤትና በመንገድ ላይ ትውል ነበር። አባቷም በሰፈሩ ማንም እንዳይደፍራት ብሎ ቦክስ አስተማራት። የእግዚአብሔር ጥበብ ግን፣ ለዚያች ለማትገራ ልጅ፣ ከምትኖርበት ቤት ደጃፍ ላይ መንገዷን አዘጋጅቶላት ነበር፤ በበጋ ወራት የከተማው የፖሊስ አትሌቲክ ማኅበር ያንኑ መንገድ ለመኪና ዘግቶ ለልጆች መጫወቻ ያደርገው ስለነበር፣ በእንጨት መምቻ የሚጫወቱት ፓድል ቴኒስ የሚባለው ጨዋታ እቤቷ በር ላይ ይካሄድ ነበርና። በዐሥራ ሁለት ዓመቷ የኒው ዮርክ ከተማ የሴቶች የፓድል ቴኒስ ሻምፒዮን ሆነች።

ከመጫወቻው አስተባባሪዎች አንዱ የነበረው ባዲ ዎከር የተባለ ሙዚቀኛ የልጅቱን ክንድ አይቶ ተደነቀና ያገለገለ ራኬት ገዝቶ ሰጣት። ከዚያም የሃርለም ጥቁር ሐኪሞች፣ ጠበቆችና መምህራን አባል ወደነበሩበት ወደ ኮስሞፖሊታን የቴኒስ ክለብ ተወሰደች፤ የሰፈሩ ሰዎችም ገንዘብ አዋጥተው የአባልነቷንና የትምህርቷን ዋጋ ከፈሉላት። ያሠለጥናት የነበረው ፍሬድ ጆንሰን አንድ ክንድ ብቻ የነበረው ሰው ሲሆን፣ ከእግር አጣጣል አንሥቶ ኳስን በልብ እስከ መጫወት ድረስ ያለውን መሠረት ያስያዛት እርሱ ነው። በዚያ ክለብ ያሉት ወይዛዝርት ደግሞ ነጭ ልብስ ለብሶ በጨዋ ሥርዓት መጫወትን ሊያስተምሯት ይደክሙ ነበር፤ እርሷ ግን ገና ኳሱንም ሰውንም እንደ ጠላት የምትመለከት የመንገድ ልጅ ነበረች።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ማኅበር መናገር ያስፈልጋል። የነጮቹ የቴኒስ ማኅበር በሩን ዘግቶ በነበረበት ጊዜ፣ ጥቁሮች አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1916 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ የአሜሪካ ቴኒስ ማኅበር የተባለውን የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ፤ በማግሥቱም ዓመት የመጀመሪያውን ብሔራዊ ሻምፒዮናቸውን በባልቲሞር አደረጉ። ውድድሮቹ ብዙ ጊዜ በጥቁሮች ኮሌጆች ግቢ ይካሄዱ ስለነበር፣ ተጫዋቾቹ በተማሪዎች መኝታ ቤት ያድራሉ፣ በኮሌጁ ምግብ ቤት ይበላሉ፤ በነጮች ሆቴል ማደር አይፈቀድላቸውምና። እኔ እንደማምነው፣ ይህ ማኅበር ባይኖር ኖሮ አልቲያ ጊብሰን የምትባል ሻምፒዮን አትኖርም ነበር። በ1944 እና በ1945 ዓ.ም. የልጃገረዶቹን ማዕርግ ወሰደች፤ በ1946 ዓ.ም. ኦሃዮ ውስጥ በዊልበርፎርስ በተደረገው የሴቶች ፍጻሜ ግን ተሸነፈች።

በዚያ ቀን ከተመልካቾቹ መካከል ሁለት ሐኪሞች ነበሩ፤ አንደኛው ከቨርጂኒያ ከሊንችበርግ የመጡት ዶክተር ሮበርት ዋልተር ጆንሰን፣ ሁለተኛው ከሰሜን ካሮላይና ከዊልሚንግተን የመጡት ዶክተር ሁበርት ኢተን ናቸው። ሌሎች ሰዎች ሽንፈቷን ሲያዩ፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች ያዩት በውስጧ የተቀበረውን መክሊት ነበር። ልጅቱ ትምህርቷን ማቋረጧን በሰሙ ጊዜ ሁለቱ ተማክረው፣ በትምህርት ወራት ከኢተን ቤተሰብ ጋር ተቀምጣ እንድትማርና በዶክተሩ ግቢ ባለው ሜዳ እንድትለማመድ፣ በበጋ ደግሞ ከዶክተር ጆንሰን ጋር በመኪና እየዞረች እንድትወዳደር ወሰኑ። አልቲያ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከእርሷ በብዙ ከሚያንሱ ልጆች ጋር በክፍል ውስጥ መቀመጥን፣ ከሃርለም ነጻነት ወጥታ በደቡብ የዘር መድልዎ ሕግ ሥር ከአውቶቡስ ኋላ መቀመጥንም መልመድ ነበረባት። ታዋቂው ቦክሰኛ ሹገር ሬይ ሮቢንሰንም ሂጂ ብሎ እንዳበረታታት የታወቀ ነው። በ1949 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ጨርሳ ፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም በተባለው ኮሌጅ በነጻ የትምህርት ዕድል ገባች። ከ1947 እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስም የጥቁሮቹን ብሔራዊ የሴቶች ሻምፒዮና ዐሥር ጊዜ በተከታታይ አሸነፈች።

የነጮቹ በር የተከፈተው ግን በአንዲት ነጭ ሴት ብዕር ነው። አሊስ ማርብል አራት ጊዜ የአሜሪካ፣ አንድ ጊዜ የዊምብልደን ሻምፒዮን የነበረች ስትሆን፣ በሐምሌ ወር 1950 ዓ.ም. «አሜሪካን ላውን ቴኒስ» በተባለው መጽሔት ላይ የቴኒስ ማኅበሩን ግብዝነት ያለ ርኅራኄ የሚነቅፍ ጽሑፍ አወጣች። የጽሑፏ ፍሬ ነገር፣ ይህች ልጅ ለዛሬዎቹ ተጫዋቾች ፈተና የምትሆን ከሆነ ፈተናውን በሜዳ ላይ ይቀበሉት፤ በችሎታዋ ሳይሆን በቆዳዋ ቀለም ብትከለከል ግን ነውሩ ለጨዋታው ነው የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ በኒው ጀርዚ የሚገኘው የኦሬንጅ ክለብ በሣር ሜዳው ውድድር ተቀበላት፤ ፎረስት ሂልስም ተከተለ።

ከፎረስት ሂልስ በኋላ ያሉት አምስት ዓመታት ግን የድል ዓመታት አልነበሩም። በ1951 ዓ.ም. በዊምብልደን የተጫወተች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች፤ ማዕርግ ግን አላገኘችም። በ1952 ዓ.ም. በአገሯ ዘጠነኛ፣ በማግሥቱ ዓመት ሰባተኛ ተባለች፤ በ1954 ዓ.ም. ወደ ዐሥራ ሦስተኛ ወረደች። ኮሌጅ ጨርሳ በሚዙሪ ግዛት በሊንከን ዩኒቨርሲቲ የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ሆነች፤ በደመወዟም ትኖር ነበር። ዕድሜዋ ወደ ሠላሳ እየተጠጋ፣ ጨዋታው አንዲት ሳንቲም ሳይከፍላት ሲቀር፣ ቴኒስን ትታ በሴቶች የጦር ሠራዊት ክፍል ለመቀጠር ማመልከቻ እስከ ማስገባት ደረሰች። በዚህ መካከል ነው በ1955 ዓ.ም. የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከሌሎች ሦስት ተጫዋቾች ጋር በእስያ አገሮች ለመልካም ፈቃድ ጉብኝት እንድትዞር የጠራት። መንግሥቷ በአገር ውስጥ በዘር መድልዎ ስሙ በጠፋበት በዚያ ወራት አንዲት ጥቁር ሴት በእስያ ሕዝቦች ፊት እንድትታይ የፈለገበትን ምክንያት አንባቢ ራሱ ይረዳዋል፤ ለአልቲያ ግን ጉዞው ያለ ወጪ ሐሳብ ከዕለት ወደ ዕለት የመጫወት ዕድል ሆነላትና ሥራዋ በእርሱ ተለወጠ።

በዚያው ጉዞ በሕንድ አገር አንጄላ በክስተን ከምትባል የእንግሊዝ ተጫዋች ጋር ተዋወቀች። በክስተን አይሁዳዊት ስለነበረች፣ በለንደን ክለቦች በር ላይ ምን ዓይነት ፊት እንደሚያጋጥም ሳይነገራት ታውቅ ነበር። ሁለቱም በጥንድ ጨዋታ አብራቸው የምትሰለፍ ጓደኛ አጥተው ነበርና በ1956 ዓ.ም. ተጣመሩ፤ የፓሪስንም የዊምብልደንንም የጥንድ ዋንጫ ወሰዱ። በዚያው ዓመት በፓሪስ አልቲያ አንጄላ ሞርቲመርን 6 ለ 0 እና 12 ለ 10 አሸንፋ፣ ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች አንዱን በነጠላ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተጫዋች ሆነች።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1957 ዓ.ም. በዊምብልደን የዋናው ሜዳ ሙቀት ከእንግሊዝ ልማድ ውጭ የሆነ ነበር። በንጉሣዊው ሰገነት ላይ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ተቀምጠው ነበር፤ ከነገሡ ወዲህ ውድድሩን ለማየት የመጡትም ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነው። በሜዳው ላይ አልቲያ የአገሯ ልጅ የሆነችውን ዳርሊን ሃርድን ትገጥም ነበር። የሣር ሜዳ ኳስ ዝቅ ብሎና ፈጥኖ ስለሚነሣ፣ ብርቱ ልግ ያላትና ከልጓ ተከትላ ወደ መረቡ የምትሮጥ ተጫዋች ትጠቀምበታለች፤ የአልቲያም ጠባይ ይኸው ነበር። ረጅም ክንዷን ዘርግታ መረቡን በዘጋችው ጊዜ ለሃርድ ማሳለፊያ ጠፋት። ሁሉም ነገር ሰዓት ሳይሞላው 6 ለ 3 እና 6 ለ 2 አበቃ። ንግሥቲቱ ወደ ሜዳው ወርደው የሽልማቱን የብር ሳሕን በእጃቸው ሰጧት፤ ያቺ ከ143ኛው መንገድ የመጣች የጢሰኛ ልጅ እጅ ነሥታ ተቀበለች። በዚያው ማታ በተደረገው የሻምፒዮኖቹ ግብዣም ከወንዶቹ አሸናፊ ከሉ ሆድ ጋር ጨፈረች። ወደ ኒው ዮርክ በተመለሰች ጊዜ ሕዝቡ በብሮድዌይ መንገድ ግራና ቀኝ ተሰልፎ የወረቀት ብጥስጣሽ እየበተነ ተቀበላት፤ ከእርሷ በፊት እንዲህ ያለ አቀባበል የተደረገለት ጥቁር አሜሪካዊ ሯጩ ጄሲ ኦወንስ ብቻ ነበር። ጥቂት ቀን ቆይታ ለውድድር ወደ ቺካጎ አካባቢ ስትሄድ ግን ሆቴል ክፍል ነፈጋት።

አሁን እንግዲህ ወደዚያ ሁለተኛ አጥር እንመለስ። በዚያን ጊዜ ቴኒስ በሁለት የተከፈለ ዓለም ነበረ። ዊምብልደን፣ ፎረስት ሂልስ፣ የፓሪስና የአውስትራሊያ ሻምፒዮናዎች ሁሉ የሚፈቀዱት አማተር ለሚባሉት ብቻ ነው፤ አማተር ማለትም የጉዞና የዕለት ወጪ ካልሆነ በቀር ለጨዋታው ዋጋ የማይቀበል ማለት ነው። ገንዘብ የተቀበለ ፕሮፌሽናል ይባላል፤ ፕሮፌሽናል የሆነም ከእነዚያ ታላላቅ ሜዳዎች ይባረራል። ደንቡ ራሱን ሲያከብር ስለ ንጽሕናና ስለ ፍቅረ ጨዋታ ይናገር ነበር። ሥር መሠረቱ ግን የሚመስለኝ ሌላ ነው፤ ጨዋታው የርስት ገቢ ላላቸው ሰዎች የተሠራ ስለነበር፣ ከሥራ የሚያገኙት ደመወዝ የማያስፈልጋቸው ሰዎች ደመወዝን ነውር አደረጉት። በወንዶቹ ዘንድ በጓሮ በር የሚሰጥ ገንዘብ መኖሩ የአደባባይ ምሥጢር ነበር። ለሴቶቹ ግን በፊት ለፊትም በጓሮም ያለው በር ጠባብ ነበር። ፈረንሳዊቷ ሱዛን ሎንግለን በ1926 ዓ.ም. ለገንዘብ በአሜሪካ እየዞረች መጫወት ስትጀምር ዊምብልደን የክብር አባልነቷን ነሣት። ፖሊን ቤትዝ የተባለችው የ1946 ዓ.ም. የዊምብልደንና የአሜሪካ ሻምፒዮን ገንዘብ ሳትቀበል፣ ስለ ፕሮፌሽናልነት ስለ ተነጋገረች ብቻ በ1947 ዓ.ም. ከአማተር ውድድሮች ታገደች። እንዲህ ያለ ቅጣት በሰው ሐሳብ ላይ መጣሉ በእኔ ዘንድ ከፍርድ ይልቅ ግፍ ነው።

አልቲያ በ1957 ዓ.ም. መጸው በፎረስት ሂልስ ያንኑ ሉዊዝ ብራፍን 6 ለ 3 እና 6 ለ 2 አሸነፈች፤ ዋንጫውንም የሰጧት ምክትል ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. ሁለቱንም አክሊሎች ደገመች። በነጠላ፣ በጥንድና በድብልቅ በአጠቃላይ ዐሥራ አንድ ታላላቅ ማዕርጎችን ሰበሰበች፤ የአሜሪካ ጋዜጠኞችም ሁለት ዓመት በተከታታይ የዓመቱ ምርጥ ሴት ስፖርተኛ ብለው ሰየሟት። ከዚህ ሁሉ የተከፈላት የሽልማት ገንዘብ ምንም ነው። የኖረችው በወዳጆቿ ቸርነትና በዕለት ወጪ አበል ነበር፤ አባቷና እናቷም በሃርለም በዚያችው ቤት ነበሩ። በሠላሳ አንድ ዓመቷ፣ በክንዷ ኃይል ጫፍ ላይ እያለች፣ የአማተር ጨዋታን መተዋን አስታወቀች።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ስናይ የምናገኘው፣ ለመብላት ብላ ያልሞከረችው ሥራ አለመኖሩን ነው። መልካም ድምፅ ነበራትና የዘፈን ሸክላ አስቀረጸች፤ በቴሌቪዥንም ዘፈነች። በ1959 ዓ.ም. ጆን ፎርድ ባዘጋጀው «ዘ ሆርስ ሶልጀርስ» በተባለው ፊልም ውስጥ የአንዲት ባሪያ ቦታ ተሰጥቷት፣ በጽሑፉ የነበረውን ጥቁሮችን የሚያዋርድ የተሰባበረ አነጋገር አልናገርም በማለቷ ቃሉ ተለወጠላት፤ ገንዘብ የቸገረው ሰው እንዲህ ብሎ ሲቆም ማየት ከዊምብልደን ድል የማያንስ ነገር ነው። ቀጥሎም ሃርለም ግሎብትሮተርስ ከተባለው የቅርጫት ኳስ ቡድን ጋር እየዞረች፣ ከዋናው ጨዋታ በፊት ወይም በዕረፍቱ፣ በቅርጫት ኳሱ ወለል ላይ በተነጠፈ ሜዳ ካሮል ፋጌሮስ ከምትባል የቴኒስ ተጫዋች ጋር ትጫወት ጀመር። ከተጫወቱት 118 ግጥሚያ 114ቱን አሸነፈች፤ ከጉዞውም ወደ 100,000 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ እንዳገኘች ይነገራል። ነገር ግን ሕዝቡ የመጣው ቅርጫት ኳስ ሊያይ ነበር። በኋላ በራሷ ገንዘብ የራሷን የቴኒስ ጉዞ ባዘጋጀች ጊዜ ተመልካች አልመጣም፤ ያገኘችውም በዚያው ጠፋ። ከዚያ የተረጋጋ ደመወዝ ያገኘችው ዋርድ በተባለው ዳቦ ጋጋሪ ኩባንያ ተቀጥራ፣ በየከተማው እየዞረች ንግግር በማድረግ ነው።

ወደ ጎልፍ የዞረችበት ምክንያትም ከዚህ ውጭ አይደለም። ለሴቶች በአደባባይ የሽልማት ገንዘብ የሚከፈልበት ስፖርት በዚያን ጊዜ ጎልፍ ነበር፤ ስለዚህ ሠላሳዎቹን ዓመታት ባጋመሰችበት ዕድሜ አዲስ ጨዋታ ከፊደሉ ጀምራ ተማረች፤ በ1964 ዓ.ም. የሴት ፕሮፌሽናል ጎልፈኞች ማኅበር የመጀመሪያዋ ጥቁር አባል ሆነች። በአንዳንድ ክለብ ሜዳው ሲፈቀድላት ቤቱ ይከለከላት ነበርና ጫማዋን በመኪናዋ ውስጥ ትለውጥ ነበር። የማኅበሩ የውድድር ኃላፊ የነበረው ሌኒ ዊርትዝ ግን እርሷን የማይቀበል ክለብ ውድድር እንዳይሰጠው በማድረጉ መልካም ስሙ ሊነሣ ይገባል። በ1970 ዓ.ም. በአንድ ውድድር ከሌሎች ጋር እኩል ሁለተኛ መሆኗ ከሁሉ የላቀ ውጤቷ ነበር፤ በጎልፍ ዘመኗ ሁሉ ያገኘችው ግን 25,000 ዶላር አይሞላም።

የቴኒስ በር ለገንዘብ የተከፈተው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ አልቲያ አርባ ዓመት ሆኗት ነበር። በዚያ ዓመት ዊምብልደን አማተሩንም ፕሮፌሽናሉንም በአንድነት ተቀበለ፤ ለወንዶቹ አሸናፊ ለሮድ ሌቨር 2,000 ፓውንድ፣ ለሴቶቹ አሸናፊ ለቢሊ ጂን ኪንግ 750 ፓውንድ ከፈለ። በዚያው ዓመት በፎረስት ሂልስ ያሸነፈው አርተር አሽ ደግሞ፣ በሊንችበርግ በዶክተር ጆንሰን እጅ የሠለጠነ፣ ያው አልቲያ የሠለጠነችበትን ሜዳ የረገጠ ወጣት ሲሆን፣ ገና በአማተርነት ስለተመዘገበ የአሸናፊውን 14,000 ዶላር ሊቀበል አልቻለም፤ ገንዘቡ ለተሸነፈው ለቶም ኦከር ተሰጠ፤ አሽ ያገኘው የቀን አበሉን ነው። የአሮጌው ደንብ የመጨረሻ ጥላ የወደቀው በአልቲያ መምህር ደቀ መዝሙር ላይ መሆኑን ሳስብ እገረማለሁ።

ለሴቶቹ የክፍያው ልዩነት ማስተካከያ ያገኘው በራሳቸው አመፅ ነው። በ1970 ዓ.ም. ዘጠኝ ሴቶች፣ ቢሊ ጂን ኪንግ አንዷ ሆና፣ በሂዩስተን ከተማ ከአሳታሚዋ ከግላዲስ ሄልድማን ጋር የአንድ ዶላር ውል ፈርመው የራሳቸውን ውድድር ጀመሩ። በ1973 ዓ.ም. የሴቶች ቴኒስ ማኅበር ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ሻምፒዮና ለሴትና ለወንድ እኩል ከፈለ። ዊምብልደን እኩል ለመክፈል እስከ 2007 ዓ.ም. ቆየ፤ በዚያ ዓመት ያሸነፈችውና 700,000 ፓውንድ የተቀበለችው ቪነስ ዊልያምስ ነበረች። ይህችው ቪነስ በ2000 ዓ.ም. የዊምብልደንን የነጠላ ማዕርግ ስትወስድ፣ ከአልቲያ በኋላ ያንን ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆና ነው፤ በመካከሉ ያለፈው አርባ ሁለት ዓመት ነው።

አልቲያ በኒው ጀርዚ በኢስት ኦሬንጅ ተቀምጣ በከተማው የመዝናኛ ክፍል ስትሠራ ኖረች፤ ለጥቂት ጊዜም የግዛቱ የአትሌቲክስ ኮሚሽነር ነበረች። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአንጎል ደም ሥር በሽታ ደጋግሞ መታት፤ ያላትም ገንዘብ በመድኃኒትና በኪራይ አለቀ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ስልክ አንሥታ ወደ አንጄላ በክስተን ደወለች፤ የሚቀጥለውን ወር የምትኖርበት እንደሌላት፣ ሕይወቷንም ለማጥፋት እንዳሰበች ነገረቻት። በክስተን ከእጇ የሚበቃትን ገንዘብ ላከች፤ ከዚያም አልቲያ ሰው እንዳያውቅባት ትፈልግ ስለነበር ለእርሷ ሳትነግር ችግሯን ለአንድ የቴኒስ መጽሔት ጻፈች። ደብዳቤው በታተመ ጊዜ ከብዙ አገሮች ፖስታ ይጎርፍ ጀመር፤ ከፊሉ ቼክ፣ ከፊሉ በልዩ ልዩ አገር ገንዘብ የተላከ ጥሬ ብር ነበር፤ ሲደመርም ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር እንደ ተጠጋ በክስተን ተናግራለች። አልቲያ ዕዳዋን ከፈለች፤ ሐኪሞቿንም ከፈለች፤ ከዚያም በኋላ በራሷ ቤት ኖራ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 2003 ዓ.ም. በሰባ ስድስት ዓመቷ ዐረፈች።